ዶግፊሽ ከሥር ሲጠብቅ፦ የትኛው ወር፣ የትኛው ጀልባ፣ የትኛው መንጠቆ?

«ጋሼ፣ ትልቅ ነው! ዘንጉን ሊነጥቀኝ ነው!» አለ የእህቴ ልጅ። ከማሳቹሴትስ ግሎስተር ወደብ ከተነሣን ሁለት ሰዓት ሊሆነን ነው፤ ከጀልባችን ሥር ወደ ሰባ ሜትር የሚጠልቅ ውኃ አለ፤ ወሩ ጁላይ ነው። ልጁ በላብ ተጠምቆ ያንን ሁሉ ክር ጠቅልሎ ሲጨርስ ብቅ ያለው ግን የጠበቅነው፣ ሃዶክ የሚባለው ዓሣ አልነበረም። ቀጠን ያለ፣ ጀርባው ግራጫ፣ ጎኑ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ዓይኑ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ዶግፊሽ የሚባል ሻርክ ነው። ከውኃው እንደወጣ ይሽከረከር ጀመር፤ ክሩን ገላው ላይ ጠመጠመው፣ የጎረቤታችንን ክር ጨመረበት፣ ቀጥሎም የጎረቤታችንን ጎረቤት። የጀልባው ረዳት፣ እንደ ታክሲ ረዳት ሁሉን በአንድ ዓይኑ የሚያይ ወጣት፣ ምንም ሳይናገር መቀሱን አወጣ። የሦስት ሰው ክር ተቆረጠ። ቀና ስል በግራም በቀኝም ዘንጎች ሁሉ ጎንብሰዋል፤ ጫፋቸው ላይ ያለው ያው አንድ ዓይነት ዓሣ ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቀን ፈቃድ ወስዶ፣ ብዙ ቦታ ከ100 ዶላር በላይ ከፍሎ፣ ማቀዝቀዣ ሣጥኑን በዓሣ ሞልቶ ለመመለስ ወደ ሰሜን አሜሪካ አትላንቲክ ለሚወጣ ሰው ነው። ያሉትን አማራጮች አነጻጽራለሁ፤ ወገንተኛነቴን ግን አስቀድሜ ልናገር። ዶግፊሹ ከጀልባው ሥር ከተሰበሰበ በኋላ የሚደረግ ምርጫ ሁሉ የዘገየ ነው። ዋጋ ያለው ምርጫ ቤት ውስጥ፣ ቀን መቁጠሪያ ፊት ተቀምጠን የምናደርገው ነው።

ስለየትኛው ዓሣ ነው የምንነጋገረው?

ዶግፊሽ የአማርኛ ስም የለውም። ቃሉ በቀጥታ ቢመለስ «የውሻ ዓሣ» ይሆናል፤ እንደ ውሻ በመንጋ ስለሚያድን ነው ይባላል። መንጋው በመቶና በሺህ ይቆጠራል፣ እንደየመጠኑና እንደየጾታው ተለይቶ ይጓዛል። በዚህ ባሕር ላይ አጥማጁ የሚያጋጥመው ሁለት ዓይነት ነው። እሾሃማው ዶግፊሽ ከሁለቱ የጀርባ ክንፎቹ ፊት አንዳንድ ስለታም፣ መለስተኛ መርዝ ያለው እሾህ አለው፤ ቀዝቃዛና ጥልቅ ውኃ ይወዳል። ለስላሳው ዶግፊሽ ደግሞ እሾህ የለውም፣ ጥርሱም ሸርጣን ለመፍጨት የተሠራ ጠፍጣፋ ነው፤ ከማሳቹሴትሱ የኬፕ ኮድ ልሳነ ምድር ወደ ደቡብ ባሉ ዳርቻዎች በሙቀት ወራት ይመጣል። የጀልባ ቀናችንን የሚያበላሸው የመጀመሪያው ስለሆነ ከዚህ በኋላ ዶግፊሽ ስል እሾሃማውን ማለቴ ነው።

እውነት በዝቷል ወይስ እኛ ነን የምናማርረው? የዓመተ ምሕረቶቹ አቆጣጠር ሁሉ የአውሮፓ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ኮድ የሚባለው ዓሣ ሲመናመን ሙያተኛ አጥማጆች ፊታቸውን ወደ ዶግፊሽ አዞሩ። ገበያው አውሮፓ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ከድንች ጥብስ ጋር ይቀርባል፣ ጀርመኖች የሆዱን ሥጋ በጭስ አድርቀው ይበሉታል። ትልልቆቹ ሴቶቹ ስለሆኑ የታረዱትም በብዛት እነርሱ ነበሩ። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው በ12 ዓመቷ አካባቢ ነው፣ ልጆቿን ከ22 እስከ 24 ወር በሆዷ ትሸከማለች (የዝሆን ያህል ማለት ነው)፣ የምትወልደውም በአብዛኛው ስድስት ገደማ ብቻ ነው። በ1998 ከልክ በላይ እንደተጠመደ በይፋ ታወጀ፣ ከ2000 ጀምሮ ጥብቅ ኮታ ተጣለ፣ በ2010 ደግሞ ቁጥሩ እንዳገገመ ተነገረ። የመዝናኛ አጥማጁ እሮሮ የጎላውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው በ2023 የአሜሪካ የንግድ ኮታ ከ29 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከነበረበት ወደ 12 ሚሊዮን መውረዱ ነው። መንግሥት ይቀነስ ይላል፣ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ሞልቶ ፈሰሰ ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም አልዋሹም። መንጋው አንድ ቦታ ላይ ተጨምቆ ስለሚዋኝ መንጠቆ ያወረደበት ሰው ባሕሩ በሙሉ ዶግፊሽ መስሎ ይታየዋል። በዚያ ላይ ድሮ መንጠቆውን የሚቀድመው ኮድ አሁን እምብዛም የለም። የኮድን መጥፋት በዶግፊሽ የሚያሳብብ ሰው በየጀልባው አይጠፋም። ዶግፊሹ ትንንሽ ዓሣ መብላቱ እውነት ነው፤ ኮድን ለዚህ ያበቃው ግን በዋናነት ለዘመናት ከልክ በላይ መጠመዱና የሜይን ባሕረ ሰላጤ ውኃ በፍጥነት መሞቁ ነው። ከራስ መረብ ይልቅ የጎረቤትን ውሻ መክሰስ ይቀላል።

ለመዝናኛ አጥማጁ ጉዳቱ በሰዓት ይሰላል። በሙሉ ቀን ጉዞ መንጠቆ ውኃ ውስጥ የሚቆየው አራት ወይም አምስት ሰዓት ነው፤ ቀሪው መንገድ ነው። አንድ ዶግፊሽ ከሰባ ሜትር ማውጣት፣ መንቀል፣ የተጠላለፈ ክር መፍታት፣ አዲስ መንጠቆ ማሰርና እንደገና ማውረድ አሥር ደቂቃ ይበላል። ሃያ ዶግፊሽ ከሦስት ሰዓት በላይ ወሰደ ማለት ነው። ቆዳው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሆነ ክሩንም ይፍቃል፤ ሳይቆረጥ የወጣው ክር ቀጥሎ በሚመጣው ደህና ዓሣ ላይ ይበጠሳል።

የወር ምርጫ

ዶግፊሽ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ ውኃ ይመቸዋል፣ ያንን ተከትሎም ይሰደዳል። በብርዱ ወራት ከቨርጂኒያና ከሰሜን ካሮላይና ፊት ለፊት ይከርማል፣ በጸደይ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ የሙቀቱን ወራት ከማሳቹሴትስ እስከ ካናዳ ድረስ ያሳልፋል፣ መጸው ሲገባ ይመለሳል። ይህችን አንዲት አንቀጽ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከግሎስተር፣ ከኒው ሃምፕሸር ወይም ከደቡብ ሜይን ለሚነሣ ሰው ኤፕሪልና ሜይ ከጁላይና ኦገስት ይበልጣሉ፤ እኔ በዚህ አልከራከርም። ሃዶኩ አለ፣ መንጋው ገና አልደረሰም ወይም ጥቂቱ ብቻ ደርሷል። ዋጋው ብርዱ ነው። በኤፕሪል ጠዋት ባሕር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ጋቢ የሚያስመኝ ነው፣ ማዕበሉም ሆድን ይገለብጣል፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ደጋግሞ ማሰብ አለበት። የጁላይ ቀን ደግሞ ፀሐያማ ነው፣ ባሕሩ የተኛ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዶግፊሹም ይጠብቃችኋል። ኦክቶበር መጨረሻ መሃከለኛ ነው፤ አንዳንድ ዓመት መንጋው ቀድሞ ይሄድና ቀኑ ያማረ ይሆናል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ይዘገያል። የወቅት ክልከላና የቁጥር ገደብ በየዓመቱ ስለሚቀያየር፣ በተለይ ለኮድና ለሃዶክ፣ የዓመቱን ደንብ ሳያዩ ቀን መያዝ አይገባም።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለው ወገናችን ይህን ቀን መቁጠሪያ ይገልብጠው። እዚያ ባሕሩ በዶግፊሽ የሚሞላው ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። በሙቀት ወራት ወደ ውቅያኖሱ ቢወጣ እሾሃማውን ብዙም አያየውም። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የላይኛው ክፍል ደግሞ ጨው ስለሚያንሰው ከናካቴው የእርሱ ቤት አይደለም።

የጀልባ ምርጫ

ብዙ ሰው የሚጭነው የጋራ ጀልባ ርካሽ ነው፣ ዘንግና መንጠቆ ያከራያል፣ ለጀማሪ ይመቻል። ዶግፊሽ ሲመጣ ግን የከፋው ቦታ እርሱ ነው። አርባ ሰው ትከሻ ለትከሻ በቆመበት አንድ የሚሽከረከር ሻርክ የሚያደርሰው ጉዳት ከላይ እንዳየነው ነው። ካፒቴኑ ቦታ ሲለውጥም አርባ ክር እስኪጠቀለል ይጠበቃል፣ ስለዚህ ቶሎ አይለውጥም። በዚህ ጀልባ ለመሄድ የወሰነ ሰው ቀድሞ ደርሶ ጫፍ ላይ ቦታ ይያዝ፤ ጎረቤቱ በአንድ ወገን ብቻ ይሆናል፣ መጠላለፉም በግማሽ ይቀንሳል።

እስከ ስድስት ሰው የሚይዘው የግል ኪራይ ጀልባ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ውድ ነው። የሚገዛላችሁ ነገር ምቾት ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ነው። «ካፒቴን፣ እዚህ ዶግፊሽ ብቻ ነው፣ እንነሣ» ስትሉ በሦስት ደቂቃ ሞተሩ ይነሣል። አምስት ጓደኛ ካላችሁና ያላችሁ ቀን በኦገስት ብቻ ከሆነ የጋራውን ሁለቴ ከምትሄዱ ይህኛውን አንዴ ሂዱ እላለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ሃዶኩን ትቶ ወደ ዳርቻ መጠጋት ነው። ስትራይፕድ ባስ፣ በቼሳፒክ አካባቢ ሮክፊሽ የሚሉት፣ በሙቀት ወራት ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በዓለቶችና በወንዝ አፎች አካባቢ ይገኛል፤ ዶግፊሽ እዚያ እንደ ጥልቁ አይጨናነቅም። ጉዞው ሁለት ሰዓት ሳይሆን ሃያ ደቂቃ ነው፣ ልጅ አይታመምም። ጉድለቱ ሣጥን የሚሞላ አለመሆኑ ነው። በውቅያኖሱ ዳርቻ ደንቡ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ ነው፣ እርሱም ከ28 ኢንች ያላነሰና 31 ኢንች ያልሞላ መሆን አለበት፤ የተፈጥሮ ምግብ የሚሰካበት መንጠቆም ክብ መሆን ግድ ነው። ለሰርግ ወይም ለፋሲካ ድግስ ዓሣ ለሚፈልግ ይህ አይሆንም። ልጁን ትልቅ ዓሣ ማስያዝ ለሚፈልግ ግን ከሁሉ ይሻላል።

ከባሕር ዳር ቆሞ ማጥመድን ለማጠናቀቅ ያህል ልጥቀሰው፦ ርካሽ ነው፤ ለስላሳው ዶግፊሽ በማታ ሊመጣ ይችላል፣ ለልጆች ጨዋታ ነው። በማሳቹሴትስ 16 ዓመት የሞላው ሰው የጨው ውኃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃድ ባለው የኪራይ ጀልባ የሚወጣ ተሳፋሪ ግን የራሱን ማውጣት አይጠበቅበትም።

ሽታ ወይስ ብረት?

ከቤት ወጥተን ጀልባ ላይ ከደረስን በኋላ በእጃችን የቀረው ትልቁ ምርጫ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ነገር ነው። የጋራ ጀልባዎች በብዛት የሚሰጡት የተቆራረጠ ክላም (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ሥጋ) ነው። ክላም ለሃዶክ ጥሩ ነው፤ ጀማሪ ሰው ምንም ሳያውቅ አውርዶ ቢጠብቅ ይያዝለታል። ችግሩ ዶግፊሽ የሚያድነው በአፍንጫው መሆኑ ነው። እንደ ሌሎች ሻርኮች የኤሌክትሪክ ንዝረትንም ይለያል፤ ከሩቅ የሚጠራው ግን ሽታ ነው። የክላም፣ የማኬሬልና የሄሪንግ ቁራጭ ውኃ ውስጥ የሚለቀው ጭማቂ ለእርሱ የቡና ቁላት ሽታ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሰበሰባል።

ጂግ የሚባለው ዓሣ መሳይ ብረት ሽታ የለውም። ከ225 እስከ 450 ግራም የሚመዝነውን ብረት እስከ ታች አውርዶ፣ መሬት ሲነካ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ዘንጉን ቀስ እያሉ ማንሣትና መልቀቅ ነው። ዓሣው በዓይኑ አይቶ እንዲመታው ያስፈልጋል። ኮድና ፖሎክ ይመቱታል፣ ሃዶክም ይመታዋል፣ ግን እንደ ክላሙ በቀላሉ አይደለም። ዶግፊሽም አንዳንዴ ይይዘዋል። ልዩነቱ የብዛት ነው። ድካሙንም አልደብቅም፤ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ለአራት ሰዓት ማንሣትና ማውረድ በማግስቱ ትከሻን ያስታውሳል። ዕድሜው የገፋ ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ክላሙን ይዞ ቁጭ ቢል አልፈርድበትም።

ሁለቱን የሚያዳቅሉ አሉ፤ ጂጉ ላይ የክላም ቁራጭ ይሰካሉ። ዶግፊሽ በሌለበት ቀን ይህ ከሁሉም የላቀ ነው። ዶግፊሽ ባለበት ቀን የሁለቱንም ጉድለት ይዞ ይመጣል፤ ድካሙም አለ፣ ሻርኩም አለ።

የእኔ ልማድ ይህ ነው። በክላም እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ዶግፊሽ ከወጣ አንድ ዕድል እሰጠዋለሁ፣ ሁለተኛው ከተከተለ ክላሙን አጥፌ ጂግ አስራለሁ። ክላሙን መተው ያልፈለገ ሰው ደግሞ ቢያንስ ከሁለቱ መንጠቆዎች አንዱን ይፍታ። ሁለት መንጠቆ ያለው ክር ሁለት ዶግፊሽ በአንዴ ያወጣል፣ ሁለት ዶግፊሽ አንድ ክር ላይ ሲሽከረከሩ ያየ ሰው ምክሬን አይንቅም። ጥርሱን ፈርቶ የብረት ሽቦ ማሰር ግን አያስፈልግም፤ ሃዶኩን ያሸሻል፣ ዶግፊሹን ያስቀራል። ወፈር ያለ የናይለን ክር ይበቃል።

ቆሞ መጠበቅ ወይስ መነሣት?

መልሕቅ የጣለ ጀልባ ከሥሩ የሽታ ጅረት ይሠራል፤ በቆየ ቁጥር መንጋው ይወፍራል። በነፋስ የሚንሳፈፍ ጀልባ ይህን ይቀንሳል። የጋራ ጀልባ ላይ ውሳኔው የካፒቴኑ ነው። በእጃችሁ ያለው የተረፈውን ክላም ወደ ባሕር አለመድፋት ብቻ ነው። በግል ጀልባ ላይ ግን ሁለት ሙከራ በአንድ ቦታ ይበቃል። ስትነሡ መቶ ሜትር ፈቀቅ ማለት ዋጋ የለውም፤ መንጋው ሰፊ ነው። ጥልቀቱን መለወጥ ይሻላል፤ ለምሳሌ ስቴልዋገን ባንክ ከሚባለው የባሕር ሥር ጉብታ አናት ወደ ዳገቱ ጥግ መውረድ፣ ወይም ጄፍሪስ ሌጅ ወደሚባለው ሌላው ጉብታ መሻገር።

መልቀቅ ወይስ መብላት?

የሚለቅ ሰው ጓንት ያድርግ። ዶግፊሽ ሲያዝ ጀርባውን እንደ ቀስት አጥፎ በእሾሁ ይወጋል፤ ቁስሉ ለሰዓታት ይጠዘጥዛል። ከጭንቅላቱ ኋላ በአንድ እጅ፣ ጅራቱን በሌላው አጥብቆ መያዝ፣ መንጠቆውን በረጅም መቆንጠጫ መንቀል፣ ወደ ውኃው መመለስ ነው። አንዳንዱ በንዴት ከጀልባው ጠርዝ ጋር ሲያላትመው አያለሁ። እርጉዝ ልትሆን እንደምትችልና ያንን ልጅ ለሁለት ዓመት እንደተሸከመች የሚያውቅ ሰው እጁ ይሰበሰባል ብዬ አስባለሁ።

መብላት የሚፈልግ መጀመሪያ የሚኖርበትን ግዛት ደንብ ይይ። ሥጋው ነጭ፣ ጠንካራና አጥንት የሌለው ነው። ነገር ግን ደሙና ሥጋው ውስጥ ዩሪያ አለ፤ ዓሣው እንደሞተ ቶሎ ካልተጸዳ ወደ አሞኒያ ይለወጥና ቤቱ የሽንት ቤት ማጽጃ ይሸታል። እንደወጣ ማረድ፣ ደሙን ማፍሰስ፣ ሆድ ዕቃውን ማውጣትና በረዶ ውስጥ መቅበር ግዴታ ነው። ቤት ሲደርስ ቆዳው ይገፈፋል፣ ሥጋው ሎሚ ባለበት ውኃ ወይም ወተት ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በኋላ በድልህና በነጭ ሽንኩርት ቢጠበስ የሚያስነውር አይደለም። ሻርክ በመሆኑ ሜርኩሪ ያከማቻል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይቅረብ።

ሌላም ጥያቄ አለ፣ በእኛ ቤት የማይታለፍ። ኦሪት ክንፍና ቅርፊት ያለውን ዓሣ ብቻ ትፈቅዳለች፤ በዚሁ ምክንያት አምባዛ የማይገባባቸው ቤቶች አሉ። ዶግፊሽ የሚፋቅ ቅርፊት የለውም፣ ያለው ሻካራ ቆዳ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ሻርክ እንደማይበላ የታወቀ ነው። የእኔ እናት ፎቶውን አይታ «ይሄማ እባብ ነው» ብላ ዘግታዋለች፤ ስለዚህ እኔ እለቃለሁ።

ቀን ከመያዛችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። «ዓሣ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሌም አለ ይላሉ። «ትናንት የወጡት ሰዎች ዶግፊሽ ስንት አወጡ? በጂግ ነው የሠራችሁት በክላም?» በሉ። የስልኩ ወዲያኛ ጫፍ ያለው ሰው ፈጥኖ ቁጥር ከነገራችሁ የሚታመን ነው፣ ያንን ጀልባ ያዙ። ሳቅ ብሎ «ያው ጥቂት ነበሩ» ካላችሁ ጂግ ሦስት ያህል ገዝታችሁ ሂዱ፤ ሁለቱ ድንጋይ ላይ ይቀራሉ።